ሁለቱ የጀልባ ቡሎኖች

ናዝሬት ውስጥ ጀልባ መሥራትን የሚከለክል ሕግ አልነበረም። በዚያ ዘመን የማይከለከል ነገር ጥቂት ስለነበር ይህ ራሱ ይገርማል፤ ምናልባት ከልካዮቹ ሳያስቡት ቀርተው ይሆናል። ከተማዋ ሐይቅ የላትም። ያላት ውሃ በቀበሌው ቦኖ የሚወርደው ነው፤ እሱም ደስ ሲለው ይመጣል፣ ካላለው ይቀራል። ስለዚህ አናጢው ሰብስቤ በ1972 ዓ.ም. መስከረም ላይ ጓሮው ውስጥ ስድስት ሜትር የምትረዝም ጀልባ መሥራት ሲጀምር ሰፈሩ ሌላ ወሬ ጠፋው። ሳምንት ሳይሞላ ስም ወጣለት፤ ኖኅ ተባለ።

"ጋሽ ኖኅ፣ ዝናቡ መቼ ነው የሚጀምረው?" ይሉታል ቦኖው ላይ የተሰለፉት ሴቶች።

"እናንተ ወረፋ ስትይዙ።"

"ከእንስሳቱስ ማንን ማንን ልትጭን ነው?"

"ከዚህ ሰፈር ማንንም አልጭንም" ብሎ ያልፋል።

ሰብስቤ አርባ ስድስት ዓመቱ ነው። አጠር ያለ፣ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ እንኳ እርሳሱን ከጆሮው ላይ ማውረድ የሚረሳ ሰው ነው። ዕድሜውን ሁሉ የሠራው የጭነት መኪና ካሶኒ ነው፤ ከኋላ እቃ የሚጫንበትን የእንጨት ሣጥን። ከሐረር እስከ ሻሸመኔ የሚመላለሱ ስንትና ስንት መኪኖች የእሱን እንጨት ተሸክመው ይሄዳሉ። ሥራው የአናጢዎች ማኅበር ውስጥ ከገባ ወዲህ ግን የሚታዘዘው የስብሰባ አግዳሚ ወንበር ብቻ ሆኖበት ነበር። አግዳሚ ወንበር መሥራት ሰልችቶታል፤ እሱ ላይ ተቀምጦ መሰብሰብ ደግሞ የባሰ ሰልችቶታል።

የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ሙሉብርሃን በቀልድ የሚያልፍ ሰው አልነበረም። ሁለት ጥበቃዎች አስከትሎ መጣና ገና የጎን አጥንቷ ብቻ የቆመውን ጀልባ ሦስት ጊዜ ዞራት።

"ጓድ ሰብስቤ፣ የዚህ ነገር መድረሻው የት ነው?"

"አማቴ ቤት።"

ሙሉብርሃን ደብተሩን አውጥቶ "አማቱ ቤት" ብሎ ጻፈ። ጽፎ ሲያየው አላረካውም መሰለኝ፣ ወደ አንዱ ጥበቃ ዞር ብሎ በዚህ በኩል ወደ ባሕር የሚወስድ ወንዝ እንዳለ ጠየቀው። ጥበቃው አዋሽ ባሕር ሳይደርስ በረሃ ውስጥ እንደሚቀር ትምህርት ቤት ተምሮ ነበርና ነገረው። ነገሩ በዚህ ተዘጋ። ፈቃዱ ግን የተሰጠው በጀልባዋ አንደኛው ጎን ላይ መፈክር የሚጻፍ ከሆነ ብቻ ነው። ሰብስቤ ተስማማ፤ በግራ ጎኗ "ምርት ይደግ!" ሊጽፍ፣ በቀኝ ጎኗ ደግሞ ማንም ስላልጠየቀው "ሸዋወርቅ" ሊጽፍ ወሰነ።

ሸዋወርቅ ሚስቱ ናት። የተወለደችው ዝዋይ ሐይቅ መካከል ካለች ደሴት ላይ ነው። በአሥራ አራት ዓመቷ ለትምህርት ወጥታ ናዝሬት አክስቷ ዘንድ ተቀመጠች፤ በኋላም ሰብስቤን አግብታ እዚያው ቀረች። እናቷ እማማ ወርቄ ከደሴቲቱ ወጥተው አያውቁም፤ አሁን ደግሞ ጉልበታቸው ታንኳ ላይ አልታጠፍ ብሏል። እናት መውጣት ካልቻለች ልጅ መግባት ነበረባት። ልጅ ግን ከገባች አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል።

ምክንያቱ ስኳር ነው። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ለበዓል ስትሄድ የተሳፈረችባት ከደንገል የታሰረች ታንኳ አሮጌ ኖራ፣ ውሃ ስትጠጣ ስትጠጣ ቆይታ ሐይቁ መሃል ላይ መስመጥ ጀመረች። ጩኸትም ግርግርም የለም፤ እንደ ደከመው ሰው ቀስ ብላ ቁጭ አለች። ሌላ ታንኳ እስኪደርስላት ድረስ ሸዋወርቅ እስከ ወገቧ ውሃ ውስጥ ተቀምጣ ለእናቷ የያዘችው አምስት ኪሎ ስኳር ከነከረጢቱ ሲሟሟ በዓይኗ አየች። ያወጧት ደግሞ ወደ ደሴቲቱ ሳይሆን ወደ ከተማው ዳር ነበር። እዚያው እየተንቀጠቀጠች፣ "አንዲት ቀዳዳ የሌላት ጀልባ ካልመጣች ከእንግዲህ እዚህ ውሃ ላይ አልወጣም!" ብላ በማርያም ስም ማለች። በኋላ የዓሣ አጥማጆች ማኅበር የቆርቆሮ ጀልባ አመጣ ሲባል ሰብስቤ ደስ ብሎት ይዟት ሄደ። ጎንበስ ብላ አራት የተጣፈ ቀዳዳ ቆጠረችና በመጣችበት አውቶቡስ ተመለሰች።

በዚህ ሁሉ ዓመት እናትና ልጅ የሚገናኙት በነጋዴ ነበር። ከደሴት ደረቅ ዓሣ ይመጣል፣ ከናዝሬት ስኳርና ሳሙና ይሄዳል። በ1971 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ግን ነጋዴው ከዓሣው ጋር መልእክት ጨምሮ አመጣ፤ "እናትሽ ዓይናቸው እየደከመ ነው። ጨርሶ ሳይጠፋ መልክሽን ልየው ይላሉ" አላት። ሸዋወርቅ ዓሣውን ስትጠብስ አሳረረችው። ሃያ ዓመት ሙሉ ወጥ አሳርራ አታውቅም። ሰብስቤ ያረረውን ዓሣ በልቶ ጨረሰና እጁን ታጠበ።

"አንዲት ቀዳዳ የሌላት እሠራልሻለሁ" አላት።

"አንዲት?"

"አንዲት።"

ለመናገር ቀላል ነበር። አዲስ ጣውላ በዚያ ጊዜ ከመንግሥት ሥራ ተርፎ ለግለሰብ አይደርስም፤ ሰብስቤ ያገኘው ከተሰባበሩ መኪኖች የተነቀለ አሮጌ የካሶኒ ጣውላ ነው። ዋንዛው ጥሩ ዋንዛ ነበር፤ ብዙውን ራሱ ሰብስቤ ነው ከዓመታት በፊት የላገው። ግን ሚስማር ያልገባበት፣ ቡሎን ያላለፈበት ስንዝር አልነበረውም። ቀዳዳ ለሌላት ጀልባ የተገኘው እንጨት እንግዲህ ወንፊት ነው። ሰብስቤ እያንዳንዱን ቀዳዳ አጸዳ፣ በልኩ የወይራ ችካል ጠረበ፣ ሙጫ ቀብቶ በመዶሻ ከተተ፣ አለሰለሰ፣ ሬንጅ አጠጣ። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ቀዳዳ ደፈነ። ቁጥሩን ግድግዳው ላይ በእርሳስ ያሰፍር ነበር። ማታ ማታ ሸዋወርቅ "ዛሬ ስንት ደፈንክ?" ትለዋለች፤ "አራት" ይላል፤ "ስድስት" ይላል፤ አንዳንዴ "አንድ፣ ግን አስቸጋሪ ነበረች" ይላል። አሥራ አራት ወር እንዲህ አለፈ። እውነቱን ለመናገር ሁለቱም በዚያ ዓመት ከሠርጋቸው ሰሞን ወዲህ ያልተሳሳቁትን ያህል ሳቁ።

ጀልባዋ አልቃ ግራና ቀኟ ሲጻፍባት ሌላ ነገር ተከተለ። ሰብስቤ ሥራውን ሲጀምር የግቢውን በርና የመንገዱን ስፋት ለክቶ ነበር፤ ጀልባዋ ከአንድ ክንድ ትርፍ ጋር ትወጣለች። እሱ ቀዳዳ ሲደፍን በከረመበት ጊዜ ግን ቀበሌው ከቅያሱ አፍ ላይ የኅብረት ሱቅ ሠርቶ ነበር። ለዚያ ሱቅ መደርደሪያውን የሠራው ራሱ ሰብስቤ ነው! አሥር ጊዜ ገብቶ ወጥቷል፤ መንገዱ የአንድ አህያ ስፋት ብቻ እንደቀረው ግን ልብ አላለም። ሙሉብርሃን ዘንድ ሄዶ ሱቁ ትንሽ ፈቀቅ ይል እንደሆነ ጠየቀ። ሙሉብርሃን ደብተሩን ሊያወጣ እጁን ኪሱ ሲከት ሰብስቤ "ይተዉት፣ ለጨዋታ ነው" ብሎ ወጣ።

የቀረው መንገድ በአጥሩ ላይ ማሻገር ብቻ ነው። ከጓሮው የድንጋይ ግንብ ባሻገር ሰፊ መንገድ አለ። ጆቴ የሚባል፣ ሰብስቤ ድሮ ካሶኒ የሠራለት ሾፌር አሁን ክሬን የተገጠመለት ከባድ መኪና ይነዳል። ከመንገድ ሥራ የተረፉ ቱቦዎች ሊጭን ቅዳሜ ባዶውን ወደ ዝዋይ ይወርዳል።

"ቶሌ ጋሼ" አለው፤ እሺ ማለቱ ነው። "በግንቡ ላይ አንጠልጥዬ አወጣታለሁ፣ ዝዋይም ውሃው ላይ አስቀምጥልዎታለሁ። ግን የምይዝበት ያስፈልገኛል። ከኋላዋ ገመድ አዞርላታለሁ። ከፊት ግን ሹል ናት፤ ገመዱ ይንሸራተታል። አፍንጫዋ ላይ ጥሩ ቀለበት ያድርጉላት።"

ቀለበቱን የሠራው አብዱናሲር ነው። ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ብየዳ ቤት አለው፤ ከሰብስቤ ጋር ሃያ ዓመት አብረው ሠርተዋል፣ ሃያ ዓመትም ተከራክረዋል። የጣት ውፍረት ካለው ብረት ቀለበት አጥፎ ከወፍራም ላሜራ ጋር በየደው። አንድ ስንዝር የሚሆኑ ሁለት ቡሎኖች፣ ከውስጥ የሚደገፍ ሌላ ላሜራ፣ ቡሎኑን ከጫፉ የሚቆልፍ ዳዶና ከዳዶው ሥር የሚገባ ሮንዴላ ጨመረበት።

"እንግዲህ አስተውል" አለው። "ላሜራው ከፊት ይቀመጣል። ቡሎኖቹ የአፍንጫዋን ግንድ በስተው ወደ ውስጥ ይወጣሉ፤ ከውስጥ በዳዶ ታጠብቃቸዋለህ። ያን ጊዜ ክሬኑ የሚያነሳው ጀልባዋን ነው።"

"በስተው?"

"አዎ፣ በስተው።"

"በቪቴ አጠብቀዋለሁ" አለ ሰብስቤ። ቪቴ እንጨት ውስጥ እየተጠመዘዘ ገብቶ እዚያው የሚቀር ነው፤ ወዲያ አይወጣም። "ስንት ካሶኒ ላይ የገመድ ማሰሪያ በቪቴ አስሬያለሁ፣ አንድም ተነቅሎ አያውቅም።"

"የካሶኒው ገመድ ወደ ታች ነው የሚጎትት። ይሄ ወደ ላይ ሊጎትት ነው! ሰውዬ፣ ቪቴ እንደ ጥርስ ነው፣ ከሳቡት ይነቀላል። ብሳ ብያለሁ፣ ብሳ!"

ሰብስቤ "እሺ" አለ። እሺ ብሎም ላሜራውን ተሸክሞ ቤቱ ገባ፣ መሰርሰሪያውን አነሳ፣ የአፍንጫዋ ግንድ ላይ ጫፉን አሳረፈ። ከዚያ እጁ አልዞር አለው። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ቀዳዳ በገዛ እጁ ደፍኖ አሁን ሦስት መቶ አሥራ ሦስተኛውን ራሱ ሊከፍት? ደግሞ ከውሃው ጋር ፊት ለፊት በሚጋጠመው አፍንጫዋ ላይ? "አንዲት?" ብላ ስትጠይቀው "አንዲት" ያለው እሱ ነው። መሰርሰሪያውን አስቀመጠ። በማግስቱም አነሳው፣ በማግስቱም አስቀመጠው።

በሦስተኛው ቀን ያደረገውን ሲያደርግ ማንም አላየውም። ካሶኒ ላይ የሚያስገባቸው ትልልቅ ቪቴዎች ነበሩት፤ ራሳቸው ባለ ስድስት ማዕዘን ስለሆነ ከውጭ ሲያዩአቸው ከቡሎን አይለዩም። ላሜራውን በሁለት ቪቴ ከፊት አሰረ። ከውስጥ በኩል ሁለተኛውን ላሜራ በሚስማር መታና ዳዶዎቹን ከነሮንዴላቸው በሙጫ ለጠፋቸው። ያያቸው ሁሉ ወዲህ የገባው ወዲያ ወጥቷል ይላል። እውነተኞቹን ቡሎኖች በጨርቅ ጠቅልሎ ከአልጋው ሥር ከተተ።

አብዱናሲር ሊያይ መጣ። ከፊት ነካ፣ ከውስጥ ነካ፣ ራሱን ነቀነቀ።

"ወላሂ፣ ይሄን ያህል ንጹሕ ሥራ አየሁ አልልም" አለ። "አንተ ሰው ስትሰማ ደስ ትላለህ።"

አብዱናሲር ሰውን የሚያመሰግነው በዓመት አንዴ ነው። ሰብስቤ የዓመቱን ምስጋና ለማይገባው ሥራ ወሰደና "ምን አለበት" አለ። ለራሱ ግን ብዙ ምክንያት ደረደረ፤ ጀልባዋ ቀላል ናት፣ ከፍ የምትለው ለአፍታ ነው፣ ቪቴዎቹ ረጃጅም ናቸው። ሸዋወርቅ ምሳውን ሳይነካ ሲተወው አየች። ምን ሆንክ ብላ አልጠየቀችውም፤ ይህ ራሱ ሊያስጠረጥረው ይገባ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የጆቴ መኪና ከግንቡ ባሻገር ቆመ። ሰፈሩ ጣሪያ ላይም ግንብ ላይም ሰፍሯል። የቦኖው ወረፋ እንኳ ባዶ ጀሪካን ተሰልፎበት ሰዎቹ እዚህ ነበሩ። ሙሉብርሃን መፈክሩ ያለበት ጎን ለሕዝብ እንዲታይ አመራር ሰጠ።

"አካም ጂርቱ ጋሼ!" አለ ጆቴ ከግንቡ ላይ ወርዶ፤ ደህና ናችሁ ማለቱ ነው። የኋላዋን በገመድ አዞረ፣ የክሬኑን የሽቦ ገመድ፣ ካቦውን፣ ከቀለበቱ ጋር አቆላለፈና ቀለበቱን በእጁ ሁለት ጊዜ ሳበ። "ይሄ ወዲያ ወጥቶ ታስሯል፣ አይደል?"

"ታስሯል" አለ ሰብስቤ። አብዱናሲር ደግሞ ከጎኑ ሆኖ "በዓይኔ አይቻለሁ!" አለ።

ሸዋወርቅ ከቤት የወጣችው ያኔ ነው። የክት ልብሷን ለብሳ ነጠላዋን አጣፍታለች። ቀጥ ብላ ሄዳ ከጀልባዋ አፍንጫ ሥር ቆመችና መዳፏን እንጨቱ ላይ አሳረፈች፤ ስትሄድ ልትሸኛት የፈለገች ይመስላል። ሰብስቤ "ሸዋ፣ ፈቀቅ በይ" አላት። "ደህና ነኝ" አለች። ጆቴ ወደ መኪናው ወጣ፣ ሞተሩ ጮኸ፣ ካቦው ተወጠረ።

መጀመሪያ ኋላዋ ተነሳ፤ ሕዝቡ እልል አለ። ከዚያ አፍንጫዋ አንድ ጋት ያህል ከቆመችበት የእንጨት መደገፊያ ላይ ለቀቀች። በዚያ ሁሉ እልልታና የሞተር ጩኸት መካከል ሰብስቤ ሌላ ማንም ያልሰማውን ድምፅ ሰማ። ቀጭን፣ ደረቅ ድምፅ ነው፤ ቪቴ ከዋንዛ ውስጥ ሲነቀል እንዲህ ይላል። ሠላሳ ዓመት አሮጌ ካሶኒ ያፈረሰ ሰው አይስተውም። ላሜራው ከእንጨቱ የጥፍር ውፍረት ያህል ተላቆ ነበር። ሸዋወርቅ ከሥር ቆማለች።

"አቁም! አውርድ! ጆቴ፣ አውርድ!"

ጆቴ አወረደ። ሞተሩ ጠፋ፣ እልልታውም ጠፋ። ሰብስቤ በዕድሜው እንደዚያ ፈርቶ አያውቅም። ሁሉም እያየው ነው። እንደምንም መዋሸት ይችል ነበር፤ ገመዱ ተጣመመ ማለት ይበቃዋል። ግን ደክሞት ነበር።

"አልበሳሁትም" አለ። "ቪቴ ነው። ውስጥ ያሉት ዳዶዎች በሙጫ የተለጠፉ ናቸው።"

አብዱናሲር ጀልባዋ ውስጥ ዘሎ ገባና አንዱን ዳዶ በጥፍሩ ነካው። በእጁ ላይ ቀረ። ዳዶውን ከፍ አድርጎ ለሰፈሩ ሁሉ አሳየ፣ አፉ ተከፈተ፣ ቃል ግን አልወጣውም፤ አብዱናሲርን ቃል ሲያጥረው ያየ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም። ሙሉብርሃን ደብተሩን አወጣ፤ ይህ ከምን እንደሚመደብ ግን አላወቀም መሰለኝ፣ መልሶ ከተተው።

ሰብስቤ ወደ ሚስቱ ዞረ። "ሸዋ፣ አንዲት ቀዳዳ የሌላት ብዬሽ ነበር። ቃሌን መብላት አቃተኝ። ልገድልሽ ነበር" አላት።

ሸዋወርቅ መዳፏን ከጀልባዋ አላነሳችም። በሌላ እጇ የነጠላዋን ጫፍ ፈታች። ከውስጡ በጨርቅ የተጠቀለሉ ሁለት ረጃጅም ቡሎኖች ወጡ።

"ሰኞ ዕለት አልጋ ሥር ስጠርግ አገኘኋቸው" አለችው። "ትርፍ ቢሆኑ መሣሪያ ሣጥንህ ውስጥ ነበር የምታኖራቸው።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ብነግርህ ትክድ ነበር። ከሥሯ ቆሜ እያለሁ ግን እንደማታስነሳት አውቃለሁ።"

"ሴትዮ! ባይሰማኝስ ኖሮ?"

"ዋንዛ ተንቋቅቶ አንተ ሳትሰማ?" አለች። ከዚያ ጠጋ ብላ ቀስ ብላ ተናገረች፤ የሰሙት አጠገባቸው የነበሩት ብቻ ናቸው። "ሰብስቤ፣ ያን ዕለት የማልኩት ስኳሩ ስላበሸቀኝ ነው። እናቴ ዓይኗ እየጠፋ ነው። እኔ የምፈልገው መድረስ ነው። ብሳው።"

ጆቴ ሰዓቱን አየ። "እኔ እዚያ ማዶ ፉል በልቼ እመለሳለሁ" አለ። "ቀስ ብዬ ነው የምበላው። ግን ሁለት ሳህን አልበላም።"

ሰብስቤ መሰርሰሪያውን ይዞ ተንበረከከ። አሁንም እጁ ለአፍታ አልዞር አለው። ሸዋወርቅ ጎንበስ ብላ እጇን በእጁ ላይ አደረገችና የመጀመሪያውን ዙር አብራው አዞረች። ቀይ የዋንዛ ፍቅፋቂ ጉልበቱ ላይ መውረድ ጀመረ። ከዚያ በኋላ ብቻውን ቀጠለ። እያንዳንዷ ዙር እውነትም አመመችው፤ የሚያም መሆኑን ለመደበቅም አልሞከረም። አብዱናሲር ቃሉ ተመልሶለት ከጎን ቆሞ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተሳደበ። "ቀጥ አድርገህ! ወደ ግራ አታዘንብል! እኔን ለዚህ አበቃኸኝ? አመሰገንኩህ እኮ!" እያለ በሌላ በኩል ጥጥ በሬንጅ እየነከረ ቡሎኖቹ ላይ ይጠመጥማል። ቡሎኖቹ ገቡ፣ ወዲያ ወጡ። አብዱናሲር ዳዶዎቹን በቁልፍ ሲያጠብቅ ሬንጁ በሮንዴላው ዙሪያ ጥቁር ሆኖ ተተፋ። ጆቴ አፉን እየጠረገ ሲመጣ ሰብስቤ ቪቴዎቹ የነበሩባቸውን ቀዳዳዎች በችካል እየደፈነ ነበር።

በዚህኛው ጊዜ ሸዋወርቅ ርቃ ቆመች። ጀልባዋ ያለ አንዳች ድምፅ ተነሳች። በግንቡ ላይ፣ በኅብረት ሱቁ ጣሪያ ትይዩ፣ ሆዷ ለሁሉም እየታየ አለፈች። ሙሉብርሃን ሳያስበው አጨበጨበ፤ ከዚያ ሕዝቡ እንዲያጨበጭብ ምልክት እየሰጠ እንደነበረ አስመሰለው።

ዝዋይ ዳር ሲደርሱ ጆቴ በዚያችው ቀለበት አንስቶ ውሃው ላይ አስቀመጣት። ገመዳ የሚባል ዓሣ አጥማጅ ሊቀዝፍላቸው ገባ። ሸዋወርቅ ለወራት ከራሽን ያጠራቀመችውን አምስት ኪሎ ስኳር ጭኗ ላይ አድርጋ መሃል ተቀመጠች። ብዙም ሳይርቁ ውሃ መግባት ጀመረ። በጣውላዎቹ መገጣጠሚያ ይገባል፣ ያ ሁሉ ድካም በፈሰሰባቸው ችካሎችም ዙሪያ ያለቅሳል። ሰብስቤ ፊቱ ነጣ። ሚስቱን ለማየት አልደፈረም፤ በእንብርክኩ ወደ አፍንጫዋ ሄዶ እጁን ወደ ቡሎኖቹ ሰደደ። ላሜራውን ዳሰሰ፣ ከላሜራው ሥር ዳሰሰ። ደረቅ ነበር። የፈራው አልፈሰሰም፤ የኮራበት ነው የሚያፈሰው።

"ደረቅ እንጨት ነው አባቴ" አለ ገመዳ መቅዘፉን ሳያቋርጥ። "ውሃ ይጠጣል፣ ያብጣል፣ ይዘጋል። አታውቅም እንዴ?"

የካሶኒ አናጢ ይህን ከየት ያውቃል! ሸዋወርቅ ስኳሩን ከጭኗ አንስታ ራሷ ላይ በነጠላዋ አሰረችው። ከዚያ የቲማቲም ጣሳ አንስታ ውሃውን እየጨለፈች ትደፋ ጀመር፤ እስከ ደሴቲቱ ድረስ አላቆመችም። አንድ ጊዜ ብቻ "ስንት ደፈንኩ ነው ያልከው?" አለችውና ሁለቱም ሳቁ፤ ጀልባዋ እስክትወዛወዝ ድረስ ሳቁ።

እማማ ወርቄ ዳር ላይ ቆመው ነበር። ጀልባ መጣ ሲባሉ በበትራቸው ተደግፈው ወርደዋል። ሸዋወርቅ ውሃው ውስጥ ወርዳ ሮጠች። እናቷ ፊቷን በሁለት እጃቸው ይዘው አስጠጉት፣ ወደ ብርሃኑ መለሱት፣ ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። ሰብስቤ ጀልባዋ ውስጥ እንደቆመ እንባውን በሬንጃም እጁ ጠረገና ፊቱን አጠቆረው።

"አርጅተሻል" አሉ እማማ ወርቄ በመጨረሻ። "ስኳሩስ?"

ስኳሩ ደረቅ ነበር። ተቀብለው በብብታቸው ያዙትና ወደ ጀልባዋ መጡ፤ ዓይናቸው ብዙ ስለማያይ በእጃቸው ዳሰሷት። እጃቸው ቀለበቱ ላይ ደረሰ።

"ይሄ ምንድነው?"

"ማንሻዋ ነው እማማ" አለ ሰብስቤ። "ሁለት ቡሎን ነው የያዘው። ጠንካራ ነው፣ አይዞዎት።"

"ጠንካራ ነው?"

"ምንም አይነቅለውም።"

አሮጊቷ የጀልባዋን ማሰሪያ ገመድ ከገመዳ እጅ ተቀበሉ። አንዱን ጫፍ በቀለበቱ አሳልፈው ሌላውን ዳሩ ላይ ካለው ሾላ ጋር አሰሩት፤ ሲያስሩ ዓይናቸው አላስፈለጋቸውም።

ከቀበሌው የተሰጣቸው የመንቀሳቀሻ ፈቃድ የሦስት ቀን ነበር። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሰብስቤ ጓዙን ይዞ ወደ ሾላው ወረደ። ጀልባዋ እንጨቷ አብጦ ውስጧ ደርቋል። ቋጠሮውን ሊፈታ ሞከረ። ወዲህ ሳበው፣ ወዲያ ገፋው፣ በጥርሱ ሞከረው። ዕድሜውን ሁሉ ገመድና ጭነት ሲያይ የኖረ ሰው ነው፤ እንዲህ ያለ ቋጠሮ ግን አይቶ አያውቅም። ቀና ሲል ሸዋወርቅ ከእናቷ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ታየዋለች። ደሴት ላይ የተወለደ ልጅ ሁሉ መራመድ ሲጀምር የሚማረው ቋጠሮ ነው፤ በአንድ እጇ ትፈታዋለች። አየችው፣ ፈገግ አለች፣ አልተነሳችም። ሰብስቤም ገመዱን ተወው፤ ሄዶ አጠገባቸው ተቀመጠ።